ጓደኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሁለት ሌሊት እደሩ (ከፍራንክፈርት ካሰል)

ይሄን የምጽፈው የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ጓደኛችሁን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታዩ ለከረማችሁ ሰዎች ነው፣ እንደኔ ማለት ነው። እኔ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት፣ አንድ አልተንሃይም (የአረጋውያን መኖሪያ) ውስጥ የፍሌገ አውስቢልዱንግ (የእንክብካቤ ሙያ ስልጠና) ላይ ነኝ፣ ጓደኛዬ ደሞ ካሰል ማስተርስ ትማራለች። ደሴ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ፣ እነሱ ቤት የበላሁት እኛ ቤት ከበላሁት የሚያንስ አይመስለኝም። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ግን በዋትሳፕ ብቻ ሆነ። "መቼ ነው የምትመጪው?" "ይሄ ፈተና ይለፍ፣ አንቺስ?" "ሺፍቴ ይስተካከልልኝና" እየተባባልን ሁለት ዓመት አለፈ።

(እናቴ በስልክ ካሰል ልሄድ ነው ስላት "ከሰል? ምን ልትሰሪ?" ብላኝ እስካሁን ጓደኛዬ የምትኖርበትን ከተማ ከሰል እያለች ነው የምትጠራው።)

በ2025 ግን ቀኑ ራሱ ገጠመልን። አረፋ ዓርብ ጁን 6 ዋለ፣ ጰራቅሊጦስ እሁድ ጁን 8፣ በኛ ሰኔ 1 መሆኑ ነው፣ ሰኞ ደሞ ጀርመኖቹም የፊንግስተን ሰኞ ብለው ይዘጋሉ። እሷ ሙስሊም ናት እኔ ኦርቶዶክስ፣ ወሎ ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ሜይ ውስጥ ስንደዋወል "አረፋን ምን አሰብሽ?" ስላት "ምን አስባለሁ፣ ሶላት ሰግጄ ከዛ ቤተ መጻሕፍት" አለችኝ፣ እየሳቀች ነው ያለችኝ። እኛ አገር እኮ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚሄደው ሰው ብዛት አውቶብስ አይበቃውም፣ የዛ አገር ልጅ ናት እንደዚህ የምትለኝ። ስልኩን ስዘጋ ወሰንኩ፣ ዓርቡን ባልደርስም ቅዳሜ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የፈረቃው ነገር። ፍሌገ ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ቅዳሜና እሁድ የሚፈታው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ሰው ካልታመመ። የፊንግስተን ሰሞን ሁሉም ፈቃድ ይፈልጋል፣ እቅዱ አንዴ ከወጣ ደሞ መለመን ነው። እኔ ያደረግኩት፣ የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ዲሴምበር 25 ስራ መግባት ለኔ ምንም ማለት አደለም፣ ለሌላው ግን ወርቅ ነው። ስለዚህ ለአንዷ ባልደረባዬ "የገናን ሁለቱን ቀን እኔ ልግባልሽ፣ ፊንግስተንን ስጪኝ" ብያት በደቂቃ ተስማማን። ይሄን ዘዴ ተጠቀሙበት፣ የበዓል ቀናችን የተለየ መሆኑ እዚህ አገር እንደ ገንዘብ ነው፣ ግን ቀድማችሁ አውሩ፣ አለቃችሁም በጽሁፍ ይወቅ።

ትራንስፖርቱ ላይ ብዙ አላወራም ምክንያቱም ብዙዎቻችን ዶይቸላንድ ቲኬት (ጀርመን ውስጥ በሙሉ የሚሰራው ወርሃዊ ቲኬት) አለን። ያኔ በወር 58 ዩሮ ነበር፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 63 ሆኗል። አይ-ሲ-ኢ (ፈጣኑ ባቡር) ላይ አይሰራም፣ ሬጅዮናል ባቡር ላይ ግን ከፍራንክፈርት ካሰል ድረስ ተጨማሪ ሳንቲም አትከፍሉም፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ስማችሁ ያለበት ቲኬት ስለሆነ መታወቂያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ይጠይቃሉ፣ ለዚህች ጉዞ ብላችሁ የምትገዙት ከሆነ ደሞ አቦንማ (በየወሩ የሚቀጥል ደንበኝነት) ስለሆነ ራሱ አይቆምም፣ በወሩ እስከ 10ኛው ቀን ካላቋረጣችሁት ለቀጣዩ ወርም ይቆርጣል። ጥገኝነት ሂደት ላይ ያላችሁ ደሞ ከተመደባችሁበት አካባቢ ያለ ፈቃድ መውጣት መቻላችሁን ወረቀታችሁ ላይ እዩ፣ በተለይ አዲስ የገባችሁ።

አሁን ወደ ምግቡ። ባዶ እጅ መሄድ አይታሰብም ግን ምን ይዞ ይኬዳል የሚለው ነው ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀኝ። በመጀመሪያ ዶሮ ብዬ አሰብኩ፣ የማን ዶሮ? ደሴ ቢሆን እናቴ የጎረቤት ልጅ ጠርታ ለሙስሊም እንግዶቿ ለብቻ ታሳርዳለች፣ ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ነው፣ ሰርግ ላይም እንደዛ ነው፣ ማንም ቅር አይለውም። እዚህ ከቱርኮቹ ሱቅ ሀላል ገዝቼ ብሰራ እሷ ትበላለች እኔ አልበላም፣ እኔ የምበላውን ብሰራ እሷ አትነካውም። እዚህ አገር መጥቶ ሁሉንም የሚበላ ሰው አለ፣ አልፈርድም፣ እኛ ሁለታችን ግን እንደ አደግነው ነን። ተያይተን አንዳችን እየበላን አንዳችን ልናይ ነው? ስለዚህ ምን አደረግኩ፣ የዶሮ ቁሌት ሙሉውን ሰራሁ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት፣ ቀስ ብሎ ሦስት ሰዓት ያህል የተቁላላ፣ በርበሬው፣ ንጥር ቅቤው፣ መከለሻው ሁሉም አለ፣ ዶሮው ብቻ የለም። አስር እንቁላል ከተትኩበት። እሷ ስታየው "ዶሮዋ በረረች?" ብላ ስቃ ልትሞት ነበር፣ ግን ጣዕሙ ያው ነው፣ እውነቴን ነው። ከዛ ጎመን፣ ምስር፣ ከቡተርሚልሽ ያወጣሁት አይብ። ቡተርሚልሽ በቀስታ ካሞቃችሁት እንደ አሬራ ነው አይብ የሚወጣው፣ እሳቱን ካበዛችሁበት ግን ይጠጥራል።

አጓጓዙ ላይ የማውቀውን ልንገራችሁ። ወጡን በክዳን እቃ አድርጋችሁ ከሁለት ቀን በፊት ፍሪዘር አስገቡት፣ ድንጋይ ሆኖ ይውጣ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ ብታስገቡት ሳይፈስ ነው የምትደርሱት፣ ማታ ላይ ደሞ ለመሞቅ ደርሷል። እንቁላሉን ግን አብራችሁ አታቀዝቅዙ፣ ላስቲክ ይሆናል፣ ለብቻ ቀቅላችሁ እዛ ጨምሩት። እንጀራውን ሳይበርድ አታሽጉት፣ ያልበዋል፣ ከዛ እርስ በርሱ ተጣብቆ ፍርፍር ነው የሚሆነው። ከሻንጣው ስር አጋድሙት እንጂ አታቁሙት። እኔ ሃያ እንጀራ ነው የያዝኩት፣ አስሩ ለሷ ፍሪዘር።

እና ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዬን እየጎተትኩ ፍራንክፈርት ሃውፕትባንሆፍ (ዋናው ባቡር ጣቢያ) ደረስኩ፣ ሰው እንደ ጥምቀት ነው፣ ያው የበዓል ሰሞን። ባቡሩ መጣ፣ ቦርዱ ላይ ካሰል ይላል፣ ክፍት ቦታ ያየሁበት ገባሁ፣ ሻንጣዬን በእግሬ መሀል አድርጌ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ፣ በቃ ሰላም ነው። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ያ ባቡር ሁለት ባቡር ነው ተያይዞ የሚሄደው፣ ጊሰን የምትባል ከተማ ሲደርስ ይለያያል፣ አንዱ በማርቡርግ አድርጎ ወደ ካሰል፣ አንዱ ወደ ዚገን። እኔ የተቀመጥኩት የዚገኑ ላይ ነው። ተናግረዋል እኮ፣ ፊተኛው ክፍል ኋለኛው ክፍል እያሉ፣ እኔ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ነው ያለው። ጊሰን ላይ ሰው እየተነሳ ሲሯሯጥ እያየሁ "ምን ሆነው ነው እነዚህ" ብዬ ታዘብኳቸው ሁሉ።

መስኮቱ ላይ ቬትስላር የሚል ሳነብ ነው የነቃሁት። ጎኔ የነበረ ሽማግሌ ስጠይቀው በሁለት እጁ አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ እያደረገ ባቡሩ እንዴት እንደተከፈለ አሳየኝ፣ በጣም አዝኖልኝ። ወረድኩ፣ ወደ ጊሰን ተመለስኩ፣ የሚቀጥለውን የካሰል ባቡር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ በአጠቃላይ ወደ ሁለት ሰዓት በላኝ። ስለዚህ ሬጅዮናል ባቡር ስትሳፈሩ የባቡሩን ስም ብቻ ሳይሆን የተቀመጣችሁበት ፉርጎ ውስጥ ያለውን ስክሪን እዩ፣ መጨረሻው የት እንደሆነ ይጽፋል። ፕላትፎርሙ ላይ ያለው ቦርድም ከየትኛው ፊደል እስከ የትኛው ፊደል የሚቆመው ክፍል ወዴት እንደሚሄድ ይለያል። "ዙግታይል" (የባቡሩ ክፍል ማለት ነው) የሚል ቃል ከሰማችሁ የጆሮ ማዳመጫችሁን አውልቁ።

ሁለተኛው ስህተት ያንን ያህል አደለም ግን አሳቀኝ። ካሰል ሁለት ትልልቅ ጣቢያ ነው ያላት፣ ሃውፕትባንሆፍ የሚባለው ስሙ ዋና ቢሆንም ፈጣኖቹ ባቡሮች የሚቆሙት ቪልሄልምስሆኸ የሚባለው ላይ ነው። የኔ ባቡር በሁለቱም ያልፋል። እሷ ቪልሄልምስሆኸ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እኔ ደሞ "ዋናው ገና ነው" ብዬ ተቀምጬ አለፍኳት፣ ፕላትፎርሙ ላይ ቆማ በመስኮት አየኋት እኮ! እጄን እያወዛወዝኩ፣ እሷ ስልኳን እያየች። ሃውፕትባንሆፍ ወርጄ ስደውልላት "ሁለት ዓመት ጠብቄሽ አሁን ደሞ ጥለሽኝ ሄድሽ?" አለችኝ። በትራም መጣች። ስታቅፈኝ ቀጭን ሆና አገኘኋት፣ ቪዲዮ ላይ አይታወቅም ነበር። "ከሳሽ" አልኳት፣ "ስፖርት ጀምሬ ነው" አለችኝ።

ለዛ ሁለት ሰዓት መጥፋት የከፈልነው ዋጋ ሱፐርማርኬት ነው። እሁድ ዝግ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ የፊንግስተን ሰኞም ዝግ ነው፣ ማለትም ቅዳሜ ማታ ያልገዛችሁትን እስከ ማክሰኞ አታገኙትም፣ ጣቢያ ውስጥ ካሉት ውዶቹ ሱቆች በቀር። ከትራም እንደወረድን ሻንጣ እየጎተትን ወደ ሱቅ ነው የሮጥነው፣ ወተት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ውሃ። ሂሳቡ ላይ ካርዷን ቀድማ አወጣች፣ እኔም አወጣሁ፣ እዛ ካሸሪዋ ፊት በአማርኛ "አንቺ ሙች" "እኔ ልሙት" ስንባባል ከኋላ ሰልፍ ሰራን። እዚህ ላይ አስተያየት አለኝ። ተማሪ ጋ ስትሄዱ እንግዳ ነኝ ብላችሁ ዝም ብላችሁ አታስከፍሏት። ያኔ ሚኒጆብ (ገቢው የተገደበ ትንሽ ስራ) ጣሪያው በወር 556 ዩሮ ነበር፣ ሦስት ቀን እናንተን ማስተናገድ ለተማሪ የሳምንት ምግብ ነው፣ እና ደሞ ይሉኝታ ስላለባት አትነግራችሁም። እኔ ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ የማደርገው አብረን ሱቅ ሳንገባ በፊት ገዝቼ መግባት ነው፣ ክርክር የለም።

ቤቷ የተማሪ ማደሪያ ነው፣ አንድ ክፍል፣ ወጥ ቤቱ የጋራ። አልጋው ዘጠና ሴንቲሜትር፣ እኔ ታጣፊ ፍራሽ ይዤ ነበር፣ አልጠቀምኩበትም፣ እንደ ልጅነታችን ጭንቅላትና እግር ሆነን ነው የተኛነው። ግን ማደሪያው እንግዳ ለስንት ሌሊት እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ ጠይቋት፣ የሚቆጣ ቤት ጠባቂ ካለ ጣጣው የሷ ነው።

የመጀመሪያው ማታ ምን እንዳወራን ብትጠይቁኝ ምንም። ማለቴ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አውርተናል፣ ስለ ሰፈር፣ ማን አገባ፣ ማን ወለደች፣ የፊዚክስ አስተማሪያችን ጃኬት። "ትምህርትስ?" ስላት "አልሀምዱሊላህ፣ ሁሉ ሰላም" አለች። "ስራስ?" ስትለኝ "ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነው" አልኳት። ሁለታችንም ዋሽተናል ግን ያኔ አላወቅኩም። ያኔ እሁድ ማታ ብመለስ ኖሮ፣ እንደ መጀመሪያ እቅዴ፣ "ደስ ብሏት ነው ያለችው" ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ ነበር።

እሁድ ጠዋት ቡና ልናፈላ ተነሳን። ጀበና አላት፣ ስኒ አላት፣ ረከቦት የላትም፣ ካርቶን ገልብጣ በነጠላ ሸፍናው ነው የምትጠቀመው፣ እና ያምራል። ጥሬ ቡናዋን በትንሽ መጥበሻ ክፍሏ ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣደች፣ መስኮቱን ወለል አድርገን ከፍተነዋል። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ደወል ለቀቀው፣ ጩኸቱ ጥርስ ያስነቅላል። እኔ አልጋው ላይ ቆሜ በነጠላ ሳራግብ፣ እሷ መጥበሻውን ይዛ ኮሪደር ስትወጣ ኮሪደሩም ደወል አለው፣ "ተመለሺ ተመለሺ!" እያልኩ። የጎረቤቷ ልጅ በካልሲ ቆሞ ያየናል። ዝም ሲል ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወድቀን ሳቅን፣ ከዛ ለጎረቤቱ አንድ ስኒ ወሰደችለት። ግን ቀልድ አደለም፣ አንዳንድ ህንጻ ላይ ደወሉ በቀጥታ እሳት አደጋ ይጠራል፣ የዛ ሂሳብ ደሞ ባለ ክፍሏ ላይ ሊመጣ ይችላል። ቤታችሁ ቆልታችሁ በጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። ወይ በረንዳ ላይ ቁሉ። ጭሱ ቢቀር ይቅር፣ አቦሉ አይቀርም።

ከሰዓት ቪልሄልምስሆኸ ፓርክ ሄድን፣ ይሄን ካሰል የምትሄዱ እንዳያመልጣችሁ፣ በነጻ ነው። ከ2013 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ ተራራ ላይ ሄርኩለስ የሚባል ትልቅ የመዳብ ሐውልት አለ፣ ከሐውልቱ ስር ጀምሮ ውሃ ይለቁና በደረጃ በደረጃ እየወረደ እስከ ታች ቤተ መንግሥቱ ጋ ያለው ኩሬ ይደርሳል፣ መጨረሻ ላይ አምሳ ሜትር የሚያህል ፏፏቴ ወደ ላይ ይወነጨፋል። ፓምፕ የለውም፣ ከላይ ወደ ታች በሚወርደው ውሃ ግፊት ብቻ ነው የሚሰራው፣ ሦስት መቶ ዓመት በፊት የታሰበ ነገር። ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 3 ረቡዕ፣ እሁድና በበዓል ቀን ነው የሚለቁት፣ በነሱ ሰዓት 14፡30 ላይ፣ በኛ ስምንት ሰዓት ተኩል። ላይ ሆናችሁ ከጀመራችሁ ከውሃው ጋር አብራችሁ ትወርዳላችሁ፣ ሰዉ ሁሉ ከውሃው ኋላ እንደ ታቦት አጃቢ ይሄዳል። ደረጃው ከአምስት መቶ በላይ ነው፣ ሲኒከር አድርጉ፣ እኔ ለፎቶ ብዬ ያደረግኩት ጫማ ተረከዜን ላጠው።

ሐውልቱ ጋ ቆመን ከተማውን ቁልቁል ስናይ "ጦሳ ላይ የወጣን አልመሰለሽም?" አለች። መሰለኝ። ከጦሳ ደሴን ስታይ እንደዛ ነው፣ ቤቶቹ በሙሉ እግርሽ ስር። ከዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ እኔ ንፋሱ ነው ብዬ ጃኬቴን ሰጠኋት።

ነገሩ የወጣው እሁድ ማታ ነው። እራት በልተን፣ የማታ ቡና አፍልተን (የተቆላው ጠዋት ስለተረፈ ደወሉ አልጮኸም)፣ በረካው ላይ ደርሰናል። ክፍሏ ውስጥ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ አለች፣ እዛ ላይ ስኒ ልታጥብ ተነሳች፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። አንዷን ስኒ አጠበች፣ አስቀመጠች፣ ያቺኑ አንስታ እንደገና አጠበች። ከዛ ሳትዞር "ሁለቴ ወድቄያለሁ እኮ" አለች።

አንድ የግዴታ ኮርስ ነው። ሦስተኛው ሙከራ የመጨረሻ ነው፣ እሱን ከወደቀች ከትምህርቱ ትሰረዛለች፣ ከተሰረዘች መኖሪያ ፈቃዷ በትምህርት የመጣ ነው፣ የሚያያዘውን ታውቁታላችሁ። ፈተናው ጁላይ ላይ ነበር። ለማንም አልነገረችም፣ ለእናቷማ እንዴት ብላ፣ እናቷ ሰፈር ውስጥ "ልጄ ልትመረቅ ነው" እያሉ ነው። መክሳቷም ስፖርት አደለም፣ ማታ ማታ መጋዘን እየሰራች ቀን እያጠናች፣ መብላት እየረሳች ነው። ይሄን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው፣ እንዲያውም "ጻፊው፣ እንደኔ የሆነ ሰው ይኖራል" ያለችኝ እሷ ናት።

እኔ ያን ጊዜ የሰራሁትን ስህተትም ልንገራችሁ። ወዲያው "አይዞሽ፣ ታልፊዋለሽ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ" ማለት ጀመርኩ። ዞራ "እንደሱ አትበይኝ፣ ሁሉም የሚለኝ እሱን ስለሆነ ነው ያልነገርኩት" አለች። ዝም አልኩ። ምን እንደምል ስላጣሁ የራሴን ነገርኳት፣ በገባሁ በሁለተኛው ወር በጣም የምወዳት አንዲት አሮጊት በኔ ፈረቃ እንደሞተች፣ ገላዋን እኔ እንዳጠብኩ፣ ከዛ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ ፊቴን ታጥቤ ቀጣዩ ክፍል ቁርስ እንዳቀረብኩ። ለማንም አልነገርኩም ነበር፣ ለሷም ያን ሰሞን "ስራ ደህና ነው" ብያታለሁ። ከዛ በኋላ ነው እውነተኛው ወሬ የመጣው፣ እስከ ንጋት። ስኒዎቹ እዛው መታጠቢያው ላይ አደሩ።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፕ ከፍተን ተቀመጥን። የትምህርት ክፍሏን የፈተና ደንብ፣ ፕሩፉንግስኦርድኑንግ የሚሉትን፣ ከዛ በፊት ከፍታው አታውቅም፣ ፈርታ። አብረን አነበብነው፣ እኔ ጀርመንኛው ይሻለኛል እሷ ትምህርቱን ታውቃለች። ደንቡ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ የሷን አልነግራችሁም፣ ግን በሷ ደንብ መሰረት በጊዜው ካመለከተች ሦስተኛውን ሙከራ ወደ ሚቀጥለው ሴሚስተር ማዛወር እንደምትችል አገኘን፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያላወቀችው ነገር። ለአማካሪው ኢሜይል አብረን ጻፍን። ለተማሪዎች ስቱዲረንደንቨርክ የሚባለው ድርጅት የስነልቦና ምክር አገልግሎት አለው፣ እሱ ጋም ተርሚን (ቀጠሮ) ጠየቀች፣ መጀመሪያ "እኔ እብድ ነኝ እንዴ" ብላ ነበር፣ "እኔም እሄዳለሁ አንቺም ሂጂ" ብዬ ነው ያስማማኋት። ፈተናውን ፌብሩዋሪ ላይ ወሰደች፣ አልፋለች።

ለዛ ነው አንድ ሌሊት አይበቃም የምለው። የመጀመሪያው ማታ የሰላምታ ነው፣ ሁላችንም እዛ ላይ ጎበዞች ነን። ፕሮግራም አታብዙ፣ አንድ ቦታ ሂዱ በቃ፣ ሌላውን ጊዜ ቤት ተቀመጡ፣ እቃ እጠቡ፣ ተኙ። ከዛ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ እሷም አንዴ መጥታለች፣ ሁሌም ሁለት ሌሊት ነው።

አንድ ነገር ረስቼ፣ የዛን ሰኞ ጠዋት ቡናዬ ላይ ወተት ልጨምር ካርቶኑን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። "ዛሬ ጾምሽ ገባ አይደል?" አለችኝ። ሰኔ ጾም፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሚገባው። ሁሉም ሰው አይጾመውም እኔ ግን ከእናቴ ጋር ስጾም ነው ያደግኩት፣ እሷም ያንን ታውቃለች፣ እኔ ደሞ በዛ ሁሉ መሀል ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ወተቱን መለስኩት፣ ጥቁሩን ጠጣሁ።

ስሄድ የቁሌቱን እቃ አጥባ ሰጠችኝ፣ ከበደኝ። ክዳኑን ልከፍት ስል "ባቡር ላይ" አለችኝ። ካሰል ሃውፕትባንሆፍ አሳፈረችኝ፣ ፉርጎው ውስጥ ገብታ ስክሪኑን ራሷ አየችልኝ፣ "ፍራንክፈርት ይላል፣ ጆሮሽ ላይ ምንም እንዳትሰኪ" ብላ ወረደች። ማርቡርግን እንዳለፍን ከፈትኩት። በላስቲክ የታሰረ ሽሮ ነው፣ እናቷ ከደሴ በሰው የላኩላት፣ ሽታው የሳቸው ቤት ነው፣ ከነበራት ግማሹን ነው የሰጠችኝ። ደውዬ ልቆጣት ስል "እኔ ስጋ እበላለሁ፣ አንቺ ነሽ የምትጾሚው" ብላ ዘጋችብኝ። ያ ሽሮ እስከ ሐምሌ 5፣ እስከ ፍቺው ድረስ አደረሰኝ።